ጥፋት የሚችል ኮራል
ገላባት ላይ የተደረገ ዲስኩር



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት በሩ አጠገብ ያለውን ዚር፣ የሸክላውን የውሃ ጋን፣ ዞር ብላችሁ እዩልኝ። ውጪው ቀኑን ሙሉ ሲነድ ዋለ፤ እዚያ ዚር ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጥርስ ያቀዘቅዛል። ሶኬት የሰካለት የለም፣ በረዶ የጨመረበት የለም። ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ወደዚህ ዚር በኋላ እመለሳለሁ። ርእሴ ኮራል ነው፤ ገላባት ላይ ተቀምጦ ኮራል ማሳደግ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን ግማሹ መልስ ያለው እዚያ ጥግ ነው።

ሳቃችሁን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገር ልናገር እንደሆነ የሰሙ አንድ አባት ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ፣ «ልጄ፣ የሚጠጣው ውሃ ሳይሞላ የባሕር ውሃ ልታስገባብን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገላባት ስሟ ሲነሳ ወደ ጆሯችን የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት፣ የሰሊጥ ጭነት፣ የጉምሩክ ሰልፍ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ ሻንጣውን ተሸክሞ ይህን የድንበር ድልድይ የሚሻገር ሰው። በዚህ መሀል ስለ መስታወት ገንዳ ማውራት ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰው በከፋውም ጊዜ ርግብ ይይዛል፤ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ አበባ ይተክላል። እኔ የያዝኩት ኮራል ነው። ገዳሪፍ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ፣ 80 ሊትር በምትይዝ ገንዳ።

መጀመሪያ ኮራል ምን እንደሆነ እንስማማ። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ መርጃን ብትሉ ቀይ ዶቃ ያወጡላችኋል። እሱ የኮራል አጥንት ነው፤ ያውም የሜድትራንያን። ሕያው ኮራል እንስሳ ነው። ፖሊፕ የምንላት አንዲት ትንሽ ፍጥረት አፍ አላት፣ በአፏ ዙሪያ እጆች አሏት፣ ሆድ አላት፤ በዚህ አበቃ። ልብ የላትም፣ አንጎል የላትም። ሥጋዋ ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተከራይተው ይኖራሉ። ተከራዮቹ ከብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ኪራያቸውን በዚያ ይከፍላሉ። አከራይዋ ደግሞ ቤትና ማዳበሪያ ትሰጣቸዋለች። ውሃው ከለመዱት የበጋ ጣሪያ አንድ ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ተከራዮቹ ይባረራሉ፣ ኮራሉ ነጭ ይሆናል። ነጣ ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ ይኸው ነው። ያኔውኑ ሞተ ማለት አይደለም፤ ረሃብ ጀመረው ማለት ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ሕያው ኮራል የት ነው? በዚህ መንገድ ገዳሪፍ፣ ከሰላ እያሉ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ፖርት ሱዳን ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ሹፌሮች መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ከወደቡ በስተጀርባ ያለውን ይሆናል። ከፖርት ሱዳን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ ገባ ብሎ ሳንጋኔብ የሚባል አለ፤ ከጥልቅ ባሕር መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ የኮራል ቀለበት ነው። ከሰሜኑ ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያው አካባቢ ሽዓብ ሩሚ የሚባል ሌላ አለ። ዣክ ኩስቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያ ባሕሩ ሥር ቤት ሠርቶ ሰዎቹን አንድ ወር ያህል አኖራቸው፤ ስለዚያ የሠራው ፊልምም ኦስካር ተሸለመ። ቤቱ ተነሥቷል። የጠላቂ ጀልባቸው ማቆሚያ የነበረው የብረት ጉልላት ግን ዛሬም እዚያው ኮራል ለብሶ ቆሟል።

ሱዋኪንንም አትርሱ። ከተማይቱ የተሠራችው በኮራል ድንጋይ ነው። ምጽዋም እንዲሁ። አፋር ውስጥ ደግሞ፣ በደናክል ዝቅታ ጠርዝ፣ ዛሬ ግመል ጨው ጭኖ በሚያልፍበት፣ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶ ሲመለስ ትቶት የሄደው የኮራል ድንጋይ ተደርድሮ ይገኛል። እኛ ስለ ኮራል ባዕድ ነን ለሚል ሰው ይህን ነው የማሳየው።

ሌላም አለ፤ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ ገብቶ፣ የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ተቀመጠ። ዋልያ ዛሬ በዓለም ሳይንስ የሚጠራበትን ስም ያወጣው እሱ ነው። ጭላዳም እንዲሁ፣ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። ይኸው ሰው ጎንደርን ሳያይ ገና፣ እ.ኤ.አ. በ1828፣ ሎይካርት ከሚባል ባልንጀራው ጋር ከቀይ ባሕር ስላመጣቸው አከርካሪ አልባ እንስሳት ጽፎ ነበር። እዚያ ውስጥ ዲስኮሶማ ብለው የሰየሙት አንድ ነገር አለ፤ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ዳቦ መሳይ። ዛሬ ኮራል ማሳደግ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ግዛ የሚባለው ይህንኑ ነው። ዋልያን የሰየመው እጅ የጀማሪውንም ኮራል ሰይሟል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። እኔ የጀመርኩት በስህተት ነው፤ ስህተቴን ብነግራችሁ ይቀላል። የመጀመሪያዬ ኮራል ቅርንጫፋም፣ ሐምራዊ፣ ጫፍ ጫፉ የሚያበራ ነበር። ሻጩ «ምንም አያስቸግርም፣ ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ከነጂሪካኑ ታቅፌው ስመጣ ሙሽራ ያጀብኩ መስሎኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሥጋው እየተላጠ ወደቀ፤ ነጭ አጥንት ቀረ። አጥንቱ አሁንም መስኮቴ ላይ አለ፤ ልጆች ሲመጡ ያምራል ይላሉ።

ምን አጠፋሁ? የመረጥኩት በመልኩ ነበር። እዚህ ያላችሁ ገበሬዎች ይህን አትሠሩትም። ማሽላ ስትዘሩ ዘለላው የሚያምረውን አይደለም የምትፈልጉት፤ ዝናብ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ ምን ያደርጋል ብላችሁ ነው የምትጠይቁት። ኮራልም እንዲሁ ነው። ጥያቄው፣ እኔ ሳጠፋ ይህ እንስሳ ስንት ቀን ይታገሠኛል የሚል ነው። ጀማሪ ማጥፋቱ አይቀርምና።

ትዕግሥት ያለውን ከሌለው የሚለየው ዋናው ነገር ድንጋይ መሥራትና አለመሥራት ነው። ያ ሐምራዊ ኮራል ግንበኛ ነበር። በየቀኑ ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እያነሣ አጥንት ይገነባል። ሰፊ ባሕር ውስጥ ሆኖ ቢያነሣ ማንም አያውቅበትም። 80 ሊትር ውስጥ ግን ግንበኛ ማስቀመጥ ማለት በየማለዳው ሲሚንቶና አሸዋ በልክ ማቅረብ ማለት ነው፤ አንድ ቀን ቢጎድል ሥራ ይቆማል፣ ቢበዛም ይበላሻል። ሌሎቹ ደግሞ ለስላሳዎች ናቸው። ግንብ የላቸውም፤ ሥጋቸውን በውሃ ወጥረው ነው የሚቆሙት። ሲከፋቸው ተጨማድደው ይቀመጣሉ፣ ሲደላቸው ይነፋሉ። ከውሃችሁ የሚወስዱት ጥቂት ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውሃ መቀየር ይበቃቸዋል። እንዲያውም እንደ መስታወት የጠራ ውሃ አይወዱም፤ የዓሣ ኩስ ያለበት፣ ትንሽ ናይትሬት ያለው ውሃ ይስማማቸዋል። ይህን ሳውቅ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ነገሩ ስፈትግ እንደኖርኩ ገባኝ።

የመጀመሪያው ምክሬ የሩፔል ዳቦ ነው፤ እንጉዳይ ኮራል ይሉታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ አለው። ጥላ ይወዳል፤ ብርቱ ብርሃን ከመጣበት ይኮማተራል። ድንጋዩ ላይ በሱፐር ግሉ ልታጣብቁት ብትሞክሩ ንፍጥ አውጥቶ ያመልጣችኋል። ጠጠር የሞላበት ሰሃን ላይ አስቀምጣችሁ የውሃው ፍሰት በማይነካው ጥግ ተዉት፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ አንዱን ጠጠር ይይዛል። ከዚያ ጠጠሩን ታጣብቃላችሁ። ሲራባም ከሥሩ ቁራሽ ትቶ ይንቀሳቀሳል፣ ቁራሹ ሌላ እንጉዳይ ይሆናል። የቀይ ባሕር ዘመዱ ሮዳክቲስ ይባላል፤ ማዕበል የሚያንገላታው፣ ፀሐይ የሚጠብሰው የዳር ዳር አለት ላይ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ፍጡር የእናንተን የመብራት መጥፋት እንደ ትልቅ መዓት አያየውም።

ሁለተኛው ቆዳ ኮራል ነው፤ ሳርኮፊቶን። እግር ያለው ትልቅ ጅንጥላ ይመስላል፤ ጅንጥላው ላይ ፖሊፖቹ እንደ ሣር ይበቅላሉ። ስለዚህ ኮራል አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ይዘጋል። ፖሊፖቹን ይሰበስባል፣ ይጠወልጋል፣ ላዩ ሰም የተቀባ ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይቆያል። የኔው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋ የቤቴ ባለቤት፣ «ይሄ ነገር ሞቷል፤ ሳይሸት አውጣልኝ» አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ ጠብቂኝ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን አስጠበቅኋት። ከዚያ ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ እንደ እባብ ሌጦ ተገፎ ሄደ፤ ከሥሩ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ላዩ ላይ የሚያርፈውን አልጌና ቆሻሻ የሚጥለው በዚህ ነው። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ፍሰቱን ትንሽ ጠንከር ማድረግና እጃችሁን መሰብሰብ ነው።

ይህ ኮራል ጎረቤት ላይ ክፉ ነው። መውጊያው ደካማ ስለሆነ የሚዋጋው በመርዝ ነው፤ በውሃው ውስጥ ጎረቤቱን የሚያቀጭጭ ነገር ይለቃል። ሰፊ ባሕር ላይ ይበተናል፣ ገንዳ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። መድኃኒቱ አክቲቭ ካርቦን ነው። የድንጋይ ግንበኞችን ከእሱ ጋር አታኑሩ፤ ብታኑሩም አንድ እፍኝ ካርቦን በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ውሃው በሚያልፍበት አስቀምጡ፣ በየወሩ ቀይሩ።

ሦስተኛው ዜኒያ ነው። ይህን ሳየው ሁልጊዜ እጆቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ሕፃን ይመስለኛል። አዎ፣ ይተነፍሳል የምትሉት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፤ ቀንና ሌሊት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለምን እንደሚያደርገው ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት፣ በዚሁ በቀይ ባሕር በሚኖር ዘመዱ ላይ ተሠርቶ፣ እንቅስቃሴው ሥጋው ዙሪያ የሚጠራቀመውን ኦክስጅን እየጠረገ ተከራዮቹ አልጌዎች በርትተው እንዲሠሩ እንደሚያደርግ አሳየ። ኦክስጅን ሲበዛባቸው ሥራቸው ይቀዘቅዛልና እጁን እያራገበ ያነሣላቸዋል።

ቀላል ነው፤ በጣም ቀላል ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። መስኪትን ታውቁታላችሁ። ድርቅ ይችላል፣ አሸዋ ይይዛል ተብሎ ወደ ሱዳን የመጣ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ከሰላ ሄዳችሁ የጋሽን ገበሬ ጠይቁት። የሚችል ነገር የማይችለውን ቦታ ይወስዳል። ዜኒያም የገንዳ መስኪት ነው። በአንድ ድንጋይ ትጀምራላችሁ፤ በዓመቱ መስታወቱን እየወጣ ነው። ወደ ባሕር የገባ ዕለት ደግሞ ጉዳቱ ሌላ ነው። ቬኔዝዌላ ውስጥ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ፣ ከእስያ ባሕሮች በገንዳ ንግድ እንደመጣ የሚታመን ኮራል ሞቺማ የተባለውን የባሕር ፓርክ አልብሶ የአገሬውን ኮራል ከሥር አፍኖታል። ስለዚህ ዜኒያ ያሳደገ ሰው ለብቻው በቆመ ድንጋይ ላይ፣ ዙሪያውን አሸዋ አድርጎ ያኑረው። የተረፈውን በፀሐይ አድርቆ ይጣል። ከገላባት ወደ ቀይ ባሕር እንዴት ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል፤ ገላባት ሆኜ የማምነው ነገር ቢኖር ጭነት መኪና የማያደርሰው ቦታ እንደሌለ ነው። አረንጓዴ ኮከብ የሚባለው ምንጣፍ መሳይ ኮራልም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ስለ እሱ የተለየ ነገር አልናገርም።

አራተኛውን ለሴቶችም ለወንዶችም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው፤ በተለይ ቤታችሁ ልጅ ካለ። ዞአ ይሏቸዋል፤ ዞአንቱስና ፓሊቶዋ። እንደ ዶቃ ናቸው፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ። ለመያዝ ቀላል፣ ለማባዛት ቀላል፣ ዋጋቸውም አነስተኛ። ከመካከላቸው ፓሊቶዋ የተባሉት አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተለየው፤ በተፈጥሮ ከታወቁት መርዞች ሁሉ ከብርቱዎቹ አንዱ ነው፤ ማርከሻም የለውም። በእጃችሁ ቁስል በኩል ይገባል፣ ዓይን ውስጥ ሲረጭ ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው ግን በእንፋሎት ሲገባ ነው። ድንጋያቸውን ከዞአ ለማጽዳት ብለው የፈላ ውሃ ያፈሰሱበት፣ ወይም ድስት ውስጥ የቀቀሉት ሰዎች በተለያዩ አገሮች ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ያተኩሳል፣ ጡንቻ ያማል። የእኛ ሰው እጁ ላይ ያለ ነገር ሁሉ በፈላ ውሃ ይጸዳል ብሎ ያምናል፤ እናቴም እንዲሁ ናት። ኮራል ያለበት ድንጋይ አይቀቀልም፤ በብሩሽም ደረቁን አይፈተግም። ጓንት አድርጉ፣ መነጽር አድርጉ። ልጅ ባለበት ቤት እኔ ዞአን አልመክርም፤ እንጉዳዩ ይበቃችኋል።

ድንጋይ የሚሠራ ካላየሁ አልጠግብ የሚል ሰው ዓመት ከቆየ በኋላ መዶሻ ኮራል ወይም ዱንካን መሞከር ይችላል። ግንበኞች ቢሆኑም ዝግ ያሉ ግንበኞች ናቸው። መዶሻው ሌሊት ረጅም መውጊያ ስለሚዘረጋ ከጎረቤቱ አንድ ስንዝር ይራቅ።

አሁን ወደ ዚሩ እንመለስ። ለእነዚህ እንስሳት የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ ለስላሳዎቹ 28 ወይም 29 ይታገሣሉ። ገላባት በሚያዝያ 40ን ታልፋለች። አውሮፓ ያለ ሰው ገንዳውን ማሞቂያ ይገዛለታል፤ እኛ በተቃራኒው ነን። ማቀዝቀዣ ማሽን ውድ ነው፣ መብራትም ይበላል። ዚሩ ግን መንገዱን ያሳየናል። ገንዳውን አትክደኑት፤ ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው ገጽ ላይ አግድም እንዲነፍስ አድርጉ። ደረቅ አየር ላይ ውሃው ከክፍሉ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ፖርት ሱዳን ያሉ ሰዎች ይህን ሲሞክሩ እንደኛ አይሳካላቸውም፤ የባሕር ዳር አየር እርጥብ ነውና ውሃው በደንብ አይተንም። ከባሕር መራቃችን የጠቀመን በዚህ አንድ ነገር ነው! በክረምት የእኛም አየር ይረጥባል፣ ዚሩም እንደ ልቡ አይቀዘቅዝም፤ ግን ያኔ ሙቀቱም ራሱ ይወርዳል። የሚያስፈራው መሀሉ ነው፤ ደመናው መጥቶ ዝናቡ ያልመጣባቸው የግንቦት መጨረሻ ሳምንታት። በእነዚያ ቀናት ገንዳው የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ሣር የለበሰ ቤት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆነ ይቅርባችሁ።

የዚሩ መንገድ ዕዳ አለው። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። እኔ ቤት በበጋ በቀን ሁለት ሊትር ያህል ይሄዳል። አምስት ቀን ዝም ብላችሁ ብትተዉት 80 ሊትሩ 70 ይሆናል፤ በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው 40 ይገባል። ስለዚህ በየማለዳው የጎደለውን ንጹሕ ውሃ ትመልሳላችሁ፤ የባሕር ውሃ አይደለም፣ ንጹሕ ውሃ። መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አድርጉ፤ ልጅም ያየዋል። ለዚህ የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፤ የሚያመጣው ማዕድን እየተጠራቀመ ይሄዳልና። ከመዳብ ቱቦ የወጣም አይሆንም፤ ለእኛ የማይታወቀን ጥቂት መዳብ ለኮራል መርዝ ነው። የተጣራ ውሃ፣ ወይም መጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣራውን ካጠቡ በኋላ በንጹሕ ፕላስቲክ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። ከትንሽ ገንዳ ትልቁ ይቀላል የምለውም ለዚህ ነው፤ 20 ሊትር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለወጣል፣ 80 ሊትሩ ግን ጊዜ ይሰጣችኋል።

የባሕሩ ውሃ ከየት ይመጣል? የወጥ ጨው በጥብጬ ልሥራ የሚል አለ። አይሆንም። ባሕር ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ፣ ሰልፌቱ ሁሉ በልክ ያለበት ነው። ለገንዳ የሚሠራ የታሸገ ጨው አለ፤ ለ80 ሊትር ሦስት ኪሎ ያህል ይፈልጋል። እዚህ ያላችሁ ሹፌሮች ግን ከዚያ የተሻለ ነገር በእጃችሁ አለ፤ ከፖርት ሱዳን ስትመለሱ አንድ ጂሪካን የባሕር ውሃ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጃካርታ ውስጥ የነበረ ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ሰው፣ ሕይወት ያለው ድንጋይና የባሕር ውሃ ገንዳ ውስጥ አድርጎ በአየር ቱቦ ብቻ ኮራል እንዳሳደገ ጽፎ ዓለምን አስገርሟል። እናንተም ትችላላችሁ፤ ከወደቡ ውስጥ ብቻ አትቅዱ፣ ናፍጣ አለበት። ከከተማ ራቅ ካለ ንጹሕ ዳርቻ ቅዱ፣ ናፍጣ ወይም ዘይት ያልነካው ጂሪካን ይሁን። የእኛ ቀይ ባሕር ከብዙው ባሕር ይልቅ ጨዋማ ነው፤ ፖርት ሱዳን አካባቢ በሊትር 38፣ 39 ግራም ይደርሳል። ዘጠኝ ሊትሩ ላይ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብትጨምሩ 35 ትገባላችሁ። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ያለ መለኪያ ግን አትጀምሩ።

መብራት። ከጎንደር በሸኸዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር በላያችን ያልፋል፤ በላያችን የሚያልፍ መብራት ሁሉ ግን ቤታችን አይገባም። ኮራሎቹ ጨለማውን አንድ ሁለት ቀን ይችላሉ። የማይችሉት የውሃው መቆም ነው፤ የቆመ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅን ያጣል፣ ሞቃት ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ ወይም ስልክ የምትሞሉባት ሶላር፣ ይህን ትሸፍናለች። ከመብራትና ከፓምፕ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ፓምፑን እመርጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ከኋላ ሲንሾካሾክ ሰማሁ፤ «ራሳችን ጠልቀን ከፖርት ሱዳን ለምን አናመጣም?» የሚል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ድንበሩን ለምትሻገሩት ነው፤ ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ በሚባለው፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም፤ ሱዳንም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናቸው። ይህች ደግሞ የጉምሩክ ከተማ ናት፤ የተቀማ ዕቃ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁለተኛው፣ ከባሕር የተቀደደ ኮራል የታመመ ኮራል ነው። ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ከአገሩ ብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጂሪካን ወደ ጂሪካን። ከሌላ ኮራል ተቆርጦ ገንዳ ውስጥ ያደገ ቁራጭ ግን የገንዳን ኑሮ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ያደገች ድመት በሉት።

ቁራጩን የምትቀበሉት ገንዳው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ውሃ፣ አሸዋና ድንጋይ አድርጋችሁ ፓምፑን አስነሡና ምንም ሳታስገቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ድንጋዩን ቤት እያደረጉ ነው፤ መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ባዶ ገንዳ ሲያዩ ጎረቤቶች ይስቁባችኋል። የኔ ጎረቤት በየማታው እየመጣ፣ «ዛሬስ ድንጋዩ ወለደ?» ይለኝ ነበር።

እንግዲህ የኔው ቆዳ ኮራል አሁን ከሰሃን በልጧል፤ ጥላው ሌሎቹን መሸፈን ጀምሯል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ በአዲስ ምላጭ ጅንጥላውን እንደ ድፎ ዳቦ እቆርጠዋለሁ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በጠጠር ላይ በክር ይታሰራል፣ በጥቂት ሳምንት ይይዛል። ስድስት ወይም ሰባት ይወጣዋል ብዬ አስባለሁ። ዋጋ አልጠይቅም። መስታወቱ ላይ መስመር ያደረገ፣ ስድስት ሳምንት ባዶ ገንዳ የጠበቀ፣ የየቀኑን ሙቀትና ጨው የጻፈበትን ደብተር ይዞ የመጣ ሰው አንድ አንድ ይወስዳል። ደብተሩ ላይ ያልተጻፈ ቀን ቢኖር አልቆጣም፤ ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ካመጣችሁብኝ ግን ሻይ አጠጥቼ እሸኛችኋለሁ።